ሁለተኛው ቋጠሮ

የሞላልኝ ሞተር፣ ባለ ዐሥራ አምስት ፈረስ፣
ብሎኑ ላልቶበት ከዘጌ ሲመለስ
ሰኞ ማታ ሰጠመ፤
ማክሰኞ ማለዳ ለእንድሪስ ተደወለ፣ ዋጋው ተፈጸመ።
ሙዝና ሻይ ቢያቀርቡለት ሁለቱንም ወደኔ ገፋው፤
"የጠገበ ሆድ ነው" አለ፣ "ትንፋሽ የሚያጠፋው።"

እኔ ገመድ ያዡ፣ የጃናሞራ ልጅ፣
ውሃ የማውቀው ከምንጭ ሲቀዳ እንጂ
እንዲህ ተንጣሎ አልነበረም።
ስምንት ዓመት ቡዋሂት ላይ በቅሎ ነድቻለሁ፤
ከፍታ የያዘው ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።
መጀመሪያ ጨዋታው ያልቅበታል፣
ቀጥሎ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል።
ሌሊት ከድንኳኑ ውጭ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤
ይሮጣል፣ ይሮጣል፣
ይቆማል፤
እኔም አብሬው እቆማለሁ፤
ከዚያ እንደ ደነበረ በቅሎ ብድግ ብሎ ይጋልባል።
አንዱን እንግዳ ከንፈሩ ጠቁሮ፣
እስክርቢቶ የጠባ ተማሪ መስሎ፣
በጨለማ፣ በቃሬዛ አወረድነው፤
ጨነቅ ስንደርስ ሻይ ጠየቀ።
መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው።

እንድሪስ ግን ቁልቁለቱን ለእንጀራ ነው የሚወርደው።
ከጀልባዋ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ብቻ ውሃ አስነካ፤
"ልቤ ትስማ ብዬ ነው" አለኝ፣
"ሳልነግራት ከሄድኩ ትንጫጫለች፤
ፊቴ ሲርስ ግን ይገባታል፣ ዝግ ትላለች።"
አፍንጫውን ጨምቆ ጆሮውን ነፋ፣
ድንጋዩን አቀፈና
ጠፋ።

ገመዱ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አለ።
አንዱ በመዳፌ ሾለከ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤
እዚያ ላይ የመምህርት ትበርህ ነገር ትዝ አለኝ፣
አምና ጣቴን በመቆንጠጫ ይዛ ደሜን ስትለካኝ፦
"ጣና እኮ ተራራ ላይ የተቀመጠ ውሃ ነው።
ምጽዋ የተኛ ሰው ያለ ሐሳብ የሚሸከመውን ክብደት
እናንተ የምታገኙት ሁለት ሜትር ጠልቃችሁ ነው።
ይቺን ከተማ ባሕር ዳር ያላት ሰውዬ
በሁለት ሜትር ተሳስቷል።"
ብቻዋን ሳቀች። እኔ የገባኝ ዛሬ ነው።

አምስት። ስድስት። ስምንት።
ስምንት ላይ የሳንባው አየር እኩሌታ ይሆናል፤
እውነተኛው ባሕር ለዚህ ዐሥር ሜትር ያስከፍላል።
ደሙም ከጣት፣ ከእግር ተነስቶ ወደ ደረቱ ይሰደዳል፣
ጎርፍ የሰማ ሰፈር ከብቱን ወደ ጉብታ እንደሚነዳ።
ዓይን እዚያ አይጠቅምም፤ ጣና ደፍርሷል፤
የሚያየው ጣት ነው፣ እሱም ደሙ ሸሽቶታል።

ዐሥራ አንድ ላይ ገመዱ ቆመ።
እኔም እንደ ድንኳኑ ጊዜ ትንፋሼን ያዝኩ፤
አርባ ስቆጥር ለቀቅኩ።
እሱ አልለቀቀም።
ሞላልኝ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ።
ሰባ።
አንድ ይብራ ጀልባዋ ጫፍ ላይ አርፎ ክንፉን ዘረጋ፣ እንደ ጨርቅ አሰጣ።
ዘጠና።
"ሳበው" አለ ሞላልኝ። "ሦስት ጊዜ ካልጎተተ አልስብም።"
መቶ ስምንት ላይ ጎተተ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣
ሦስተኛውን የገመትኩት ይመስለኛል።

ብቅ ሲል አፍንጫው ሥር ቀጭን ደም፣
ከንፈሩም ያው እስክርቢቶ፣ ያው ቀለም።
የዚያኛው መድኃኒት መውረድ ነበር፣ የዚህኛው መውጣት፤
በሽታውን ግን አንድ ሰው የቀባው ነው የሚመስለው።
"አስሬዋለሁ" አለ፣ አሳለው፣
"ሳቡት፤ ጭቃ ውስጥ እንደ ጥጃ ተኝቷል።"

ሞተሩ ወጣ፣ አልነሳም፤
ሞላልኝ ሁለት መቶ ብር ቀነሰ።
እንድሪስ አልተከራከረም፣ ቀዝቃዛውን ሻይ ጨለጠ፣
በጆሮው የቀረውን ውሃ በአንድ እግሩ እየዘለለ አንጠፈጠፈ።

ሁሉም ሲሄድ ገመዱን ከጀልባዋ አሰርኩ።
ፊቴን ውሃ አስነካሁ።
አንድ።
ሁለት፤
ጆሮዬ ጧ አለ። እዚያው ቆምኩ።
ባሕሩ ዳር ይሄ ነው ማለት ነው፤
ማንም የለበትም፣ ጭቃ ጭቃ ይላል፤
ልቤ አንዴ መታች፣
ቆየች፣
ደግሞ መታች፣
መንገዱ እንደማያስቸኩላት በቅሎ።